«እርስዎ ይቀመጡ» እያልን ጉልበታቸውን እንዳንነጥቃቸው

 

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታስተውሉ እጠይቃችኋለሁ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከሶፋ ሲነሡ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ወደ ሶፋው ጠርዝ ይጠጋሉ። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን መደገፊያው ላይ ያኖራሉ። አንዴ ሞክረው ይመለሳሉ። በሁለተኛው ወደ ፊት ወዝወዝ ብለው «ወይ ጉልበቴ!» እያሉ ይነሣሉ።

እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዴ ደግሞ ገና ሊነሡ ሲሉ «አይነሡ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አመጣለሁ» እንላለን። ንግግሩ ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ ነው። ነገር ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ጡንቻን ያከሳል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚሁ ነው።

«ጉልበት» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይዟል፤ እግር የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያና ብርታትን። ከመቀመጫችን የምንነሣው በዋናነት በመቀመጫችንና በጭናችን የፊት ጡንቻዎች ነው። የጭን ጡንቻዎች ሥራቸው የታጠፈውን ጉልበት መዘርጋት ነው። እነሱ ሲደክሙ አንድ አዛውንት «ጉልበቴ አለቀ» ቢሉ በሁለቱም ትርጉም እውነታቸውን ነው።

ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

ከአጥንት ጋር ተያይዘው እኛ ስናዝዛቸው የሚንቀሳቀሱ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉን። ከሥጋ ቤት የምንገዛው ቀይ ሥጋም ጡንቻ ነው። የተቀቀለ ሥጋ በእጅ ሲተረተር ክር ክር እንደሚል ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ለዓይን የሚታይ ክር በውስጡ ብዙ የጡንቻ ሕዋሳትን እንደ ነዶ አሥሮ የያዘ ነው።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቀጭኑ አክቲን፣ ወፍራሙ ማዮሲን ይባላል። ማዮሲን እጅግ ብዙ ትንንሽ እጆች አሉት ማለት ይቻላል። ከጉድጓድ ውሃ ቀድታችሁ የምታውቁ ይህ አይከብዳችሁም። ባልዲው ሲወጣ አንደኛው እጅ ገመዱን ይዞ ይስባል፣ ይለቃል፣ ወደ ፊት ሄዶ እንደገና ይይዛል። በዚህ መሀል ሌላኛው እጅ ገመዱ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። የማዮሲን እጆችም አክቲንን የሚስቡት በዚሁ ዓይነት ነው። አንዱ እጅ ብቻውን የሚስበው ከቁጥር አይገባም፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው እጆች አብረው ሲስቡ ግን ጡንቻው ያጥርና በጅማት የተያያዘውን አጥንት ይጎትታል።

ልብ በሉ፤ ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በአንድ የሳይንስ መጽሔት እትም ላይ ጎን ለጎን አወጡት። የሚገርመው በአንዱ ቡድን ውስጥ አንድሩ ሃክስሌይ፣ በሌላው ውስጥ ሂዩ ሃክስሌይ ነበሩ፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር በኩል በነርቭ ወደ ጡንቻው ይደርሳል። በዚያን ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ በከረጢት ተይዞ የነበረ ካልሲየም ይለቀቃል። ካልሲየሙ በአክቲን ላይ ተሸፍኖ የነበረውን መያዣ ቦታ ይገልጠዋል፤ እጆቹም መሳብ ይጀምራሉ። ትእዛዙ ሲቆም ካልሲየሙ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል፤ ጡንቻውም ይላላል።

ነዳጁ ከምንበላው ምግብ የሚሠራው ኤቲፒ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። እጆቹ ለመሳብ ብቻ ሳይሆን የያዙትን ለመልቀቅም ኤቲፒ ያስፈልጋቸዋል። ሰው ሲያርፍ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አስከሬኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ ነዳጁ አልቆ እጆቹ እንደያዙ ይቀራሉ። በሆስፒታል አስከሬን ስናስተካክል ቶሎ የምንለውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ጡንቻ የሚያውቀው መሳብ ብቻ ነው። በር ስንገፋ እንኳ ከክንዳችን በስተኋላ ያለው ጡንቻ ስቦ ክርናችንን ዘርግቶልን ነው።

ብርታትና ኃይል ይለያያሉ

የዛሬው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርታት የምንለው ጡንቻው ምን ያህል ክብደት መሳብ እንደሚችል ነው። ኃይል የምንለው ደግሞ ያንን ብርታት ከነፍጥነቱ ነው፤ ብርታት በፍጥነት ሲባዛ ኃይል ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት እናቶች ከአንድ ዓይነት ወንበር ተነሡ እንበል። አንደኛዋ በአንድ ሰከንድ፣ ሁለተኛዋ በሦስት ሰከንድ ቆሙ። ያነሡት ክብደት አንድ ነው፤ ከፍታውም አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ያወጡት ኃይል ግን የሁለተኛዋን ሦስት እጥፍ ነው።

እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሂል በጡንቻ ላይ ባደረገው ምርምር የ1922ን የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ጡንቻ በፈጠነ መጠን የሚስበው ክብደት እንደሚቀንስ በልኬት አሳየ። ባዶ ባልዲ ቶሎ ይወጣል፤ የሞላው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በጡንቻም ውስጥ ገመዱ ቀስ ሲል ብዙ እጆች ለመያዝ ጊዜ ያገኛሉ፤ ገመዱ ሲሮጥ ግን ብዙዎቹ ሳይይዙት ያመልጣቸዋል። ትልቁ ኃይል የሚገኘውም እጅግ ከባዱን ስናነሣ ወይም እጅግ ስንፈጥን አይደለም፤ ጡንቻው ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት ሲሦ ገደማ ላይ ነው።

በተቃራኒው ባልዲው ከብዶ ገመዱን ወደ ታች ሲወስደው፣ እጆቹም ሳይለቁ ሲያዘገዩት፣ ጡንቻው ከሚስበው የበለጠ ክብደት ሊይዝ ይችላል። ቀስ ብሎ መቀመጥ ከመነሣት የሚቀለው ለዚህ ነው። ዳገት ወጥተን ስንወርድ በማግስቱ ጭናችንን የሚያመንም በተለይ መውረዱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንጠቀምበታለን።

ዘገምተኞቹና ፈጣኖቹ

የጡንቻ ክሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዘገምተኞቹ ቶሎ አይደክሙም፤ ስንቆምና ስንራመድ ቀኑን ሙሉ ያገለግሉናል። ፈጣኖቹ ትልቅ ኃይል በቅጽበት ያወጣሉ፤ ግን ቶሎ ይደክማሉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ ያየ አይረሳውም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከ27 ደቂቃ በላይ ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዙር በዋናነት የተሸከሙት ዘገምተኞቹ ክሮች ናቸው፤ በመጨረሻው ሩጫ ላይ ፈጣኖቹም ባይጨመሩ ኖሮ ያቺ ቅንጣት ሰከንድ አትገኝም ነበር።

ሰውነት ፈጣኖቹን ዝም ብሎ አይጠራቸውም። ሥራው ቀላል ሲሆን ዘገምተኞቹ ይበቃሉ። ሥራው ሲከብድ ወይም ሲያስቸኩል ብቻ ፈጣኖቹ ይጠራሉ፤ ልክ ቤተሰቡ የማይችለው አጨዳ ሲመጣ ደቦ እንደሚጠራው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ሲራመድም ቀስ ብቻ የሚል ሰው ፈጣኖቹን ሳይጠራ ሳምንታት ያልፋሉ። ያልተጠራ ጡንቻ ደግሞ ይከሳል።

በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመራል። ስናረጅ ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ ክሮች ናቸው። የሚያዟቸው አንዳንድ ነርቮችም ይሞታሉ፤ ክሮቹ ወይ በአጠገባቸው ካለ ሌላ ነርቭ ሥር ይገባሉ ወይ ይጠፋሉ። በዚህ ምክንያት ኃይል ከብርታት ቀድሞና ፈጥኖ ይቀንሳል። አንድ አባት ከባድ ዕቃ ቀስ ብለው ተሸክመው እየሄዱ በምንጣፍ ጠርዝ ቢደናቀፉ ራሳቸውን ሳይዙ የሚወድቁት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ለመውደቅ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ እግርን ቶሎ ወደ ፊት ለመጣል ደግሞ ፍጥነት ያለው ብርታት ያስፈልጋል።

በለቅሶ ቤት የቀረች ወንበር

አንዲት ጎረቤቴን ላንሣላችሁ። ዕድሜያቸው 74 ነው። ልጃቸው አንድ ስኒ እንኳ እንዲያነሡ አትፈቅድላቸውም፤ ውሃው፣ ምግቡ፣ ቡናው ያሉበት ድረስ ይመጣላቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ ልጅቷን ይመርቃታል፤ መመረቅም ይገባታል።

እኚህ እናት ግን ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተዉ። ማኅበር ቀረ፤ ለቅሶ መድረስም ቀረ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ የለቅሶ ቤት ወንበር ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው ሁለት ጎረምሶች ብብቴ ሥር ገብተው ሲያነሡኝ ሰው ሁሉ አየኝ። ከዚያ ወዲህ አልሄድም» አሉኝ። ታክሲ ላይ ለመውጣትም ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ!» ሲል ይደነግጣሉ።

የጡንቻ መክሳት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በመውደቅና በመሰበር ብቻ አይገለጥም፤ ሰውን ከሰው ይለያል።

ልጃቸውን ሳነጋግራት «ሲስተር፣ በዚህ ዕድሜዋ ላሠራት እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ብዙ ቤት ያለ ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነበር፤ «አታሠሪያት፤ እንድትነሣ ግን ፍቀጂላት።»

በሥራ ዘመኔ በእግራቸው ገብተው፣ በሽታቸው ድኖ፣ ሲወጡ ግን ሁለት ሰው የደገፋቸውን አረጋውያን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መተኛት ራሱ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በእነዚያ ቀናት ከእግሮቻቸው በአማካይ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀነሰ። ወንበር አልጋ አይደለም፤ መንገዱ ግን ወደዚያው ነው።

ረፍዶ ይሆን?

አልረፈደም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 ደካማ ሰዎች ለ8 ሳምንታት የጭን ጡንቻቸውን በክብደት አሠለጠኑ። ልምምዱን የጨረሱት 9 ሰዎች ብርታት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ የጭናቸው ጡንቻም በ9 በመቶ ወፈረ። ቁጥሮቹን አነጻጽሩ፤ ብርታቱ ከሥጋው እጅግ በልጦ ጨምሯል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ነርቮች ያሉትን ክሮች እንደገና መጥራት በመልመዳቸው መሆኑን ያሳያል። ከ90 ዓመት በኋላም ደቦው ሲጠራ ይመጣል ማለት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ እንለካ። መደገፊያ የሌለው፣ የማይንሸራተት፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እናት ወይም አባት እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው ወይም ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ካልቻሉ የእግራቸው ጡንቻ እንደደከመ ምልክት ነው። በምትለኩበት ጊዜ አጠገባቸው ቁሙ።

ከዚያ ልምምዱ ይቀጥላል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ «ቶሎ ተነሥ፣ ቀስ ብለህ ተቀመጥ»።

ሲነሡ በተቻላቸው ፍጥነት፤ ይህ ፈጣኖቹን ክሮች ይጠራል። ሲቀመጡ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው፤ ይህ ብርታትን ይገነባል። ከ5 ጊዜ ጀምረው ወደ 10 ያድርሱ፤ አረፍ ብለው አንድ ዙር ይድገሙ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሀሉ የእረፍት ቀን እያስገቡ ይበቃል።

መነሣት ጨርሶ ያቃታቸው ደግሞ ቅድም ያዙልኝ ባልኩት ይጀምሩ። ተደግፈው ይነሡና ሲቀመጡ ብቻ ራሳቸውን እየተቆጣጠሩ በዝግታ ይውረዱ። ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሮ ከፍ ማድረግም ያቀልላቸዋል፤ ሲበረቱ ትራሱን ታነሣላችሁ።

ሁለተኛው ልምምድ የኩሽናውን መታጠቢያ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሣት ነው፤ ቶሎ ብድግ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ። ለባት ጡንቻና ለመራመድ ይጠቅማል።

ትንፋሽ አምቆ መሥራት አያስፈልግም፤ የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ሲነሡ ማውጣት፣ ሲቀመጡ ማስገባት ነው። መጠነኛ የጡንቻ ሕመም በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ማዞር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ግን ማቆም ይገባል። የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ግፊታቸው ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ የተሰበሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ድካሙ በድንገት ከመጣ፣ በተለይ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ወይም አንደበት ከተያዘ፣ ያ የልምምድ ጉዳይ አይደለምና ያለ ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ።

ምግብንም አንርሳ። የጡንቻ ክሮች ፕሮቲን ናቸው፤ ብዙ አረጋውያን ደግሞ ቁርሳቸው ሻይና ዳቦ፣ እራታቸውም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነው። ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮ፣ ክክና ባቄላ አሉላችሁ፤ አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር ወደ 18 ግራም ይጠጋል። ወጡን ጨመር፣ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንላቸው።

ለልጆችም ነው

ወላጆች ሆይ፣ ይህ የአያቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሩጫና ድብብቆሽ ፈጣኖቹን ክሮች የሚጠሩ ጨዋታዎች ናቸው። ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ የሚውል ልጅ ግን ገና በጠዋቱ እንደ አያቱ መቀመጥ ለምዷል።

ሁለቱን አገናኟቸው። ልጁ ይቁጠር፤ አያት ይነሡ፤ ከዚያ ተራ ይቀያየሩ። የጎረቤቴ ቤት መፍትሔ ይኸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማማ፣ ዛሬ ስንት?» ይላቸዋል። ያለ ልምምድ የሚያርፉበት ቀን ከሆነ «ነገ» ይሉታል። ልጃቸውም ሁሉን ነገር ማቅረቧን ቀነስ አድርጋለች፤ ውሃ ሲያምራቸው ተነሥተው ይቀዳሉ፤ ቡናም አንዳንዴ ራሳቸው ያፈላሉ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ዕድር ላይ አገኘኋቸው። ወንበሩ ያው ዝቅ ያለው ነበር። ሲነሡ አንድ ጎረምሳ እጁን ሲዘረጋላቸው «ተወኝ ልጄ፣ እችላለሁ» አሉት። አንድ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ደግፈው ነበር የተነሡት፤ ግን ራሳቸው ተነሡ።

ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ብለን ወንበር መልቀቃችን አይቅር፤ መልካም ባህላችን ነው። ከባዱን ዕቃ መቀበል፣ በደረጃ ላይ ክንድ መስጠትም እንደዚሁ። የሚችሉትን ነገር ግን አንቀማቸው። እናታችሁ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ» ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ታገሡ፤ አጠገባቸው ቁሙና ይነሡ።

የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር እንሰንብት!